ያልተጻፈው ባልዲ

ሰውየው ክሬን ነጂ ነው። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰውን ሁሉ ከላይ ወደ ታች ሲያይ ስለኖረ ሠራተኞቹ «አባ ከላይ» ይሉታል። ቤቱ ውስጥ ልጆቹ አይሰሙትም፤ ቴሌቪዥኑ እንኳ ሪሞቱን ሦስት ጊዜ ካልተጫነው ንቅንቅ አይልም። አርባ ሜትር ላይ በተንጠለጠለችው የመስታወት ክፍል ሲቀመጥ ግን ሁለት መቶ ሰው አንጋጦ ይጠብቀዋል። እንግዲህ ሆዱ ሊነጥቀው የመጣው ይህችን ወንበር ነው።

በዓመቱ ምርመራ የሥራ ቦታው ነርስ ሚዛን ላይ ብታቆመው መቶ ሃያ አንድ ኪሎ ሆነ። ወደ ክሬኑ የሚያስወጣው መሰላል የሚፈቅደው መቶ ዐሥር ነው።

«ጋሼ፣ አምስት ወር አለዎት» አለችው። «ካልቀነሱ ሌላ ሰው ይወጣል፣ እርስዎ ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባሉ።»

አንዲት ወረቀትም ሰጠችው፦ ዘይት ይቀንሱ፤ ጣፋጭ መጠጥ ይተዉ፤ የሳህንዎን ግማሽ በአትክልት ይሙሉ፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይራመዱ። ሕፃን የሚገባው ነገር ነው፤ ለዚህም ይሆናል አዋቂ የሚንቀው።

በማግስቱ ዘመድ ሁሉ ሐኪም ሆነ። ጫማውን ለማሰር የሰው እጅ የሚፈልገው የሚስቱ ወንድም ሎሚ በሙቅ ውሃ አዘዘለት። አንዱ ጎረቤት ራት አትብላ አለው፤ ሌላው ራት ብቻ ብላ አለው። ሚስቱ ብቻ ወረቀቱን አንብባ የተባለውን አደረገች። ጎመን ቀቀለች፣ ዘይቱን በማንኪያ ለካች፣ ማታ ማታ ክንዱን ይዛ ሰፈሩን አዞረችው። በወሩ ተመዘነ፤ መቶ ሃያ አንድ።

«ሚዛንሽ ታሟል» አላት ነርሷን።

«ሚዛኑስ ደህና ነው። የሚበሉትንና የሚንቀሳቀሱትን ሁሉ ይጻፉልኝ።»

ጻፈ። ጠዋት አንድ እንቁላልና ቁራሽ ዳቦ፣ ምሳ ሰላጣ፣ ራት ጎመንና ሩዝ። ደብተሩን ያየ ሰው የመነኩሴ ነው ይላል። የሚያናድደው ደግሞ አለመዋሸቱ ነው፤ የጻፈውን ሁሉ በልቷል። ነርሷ ገጹን ገልብጣ እንቅስቃሴ ወደሚለው ስትደርስ ቆም አለች።

«ይሄ ገመድ መጎተት የሚሉት ምንድን ነው?»

«የባልዲው ነዋ። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ እስበዋለሁ። ክንዴን ተመልከቺው።»

«ባልዲው ውስጥ ምን አለ?»

«የሰዎቹ ተራ።»

«ተራው ይበላል?»

አባ ከላይ ጣሪያውን አየ። ተራው ይበላል እንጂ። በዚያ ግንባታ ዕቃው ቀድሞ እንዲነሣለት የሚፈልግ አለቃ ከክሬኑ ክፍል በወረደው ገመድ ላይ ባልዲ ያስራል። ግንበኞቹ የተጠበሰ ድንች ይልካሉ፣ አናጺዎቹ ጣፋጭ ዳቦ፣ ብረት የሚያስሩት ፌራዮዎች ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ። ባልዲው ባዶውን ከተመለሰ ተራው ተያዘ ማለት ነው፤ እንደ ሞላ ከተመለሰ ጠብ ነው። ሰውየው ዐሥራ ሰባት ዓመት ባዶውን ሲመልስ ኖሯል። ይህን ምግብ ብሎ መጻፍ በሐሳቡም አልመጣለትም።

«እሱንማ የምበላው ለሥራው ብዬ ነው» አለ፣ ከልቡ።

«ጋሼ፣ ሆድዎ ለሥራ የተበላውን ለይቶ አያስቀምጥም።»

በማግስቱ ገመዱን ሰብስቦ ጠቀለለውና ቀድሞ የመጣ ይቀድማል ብሎ በሬዲዮ አወጀ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ የፌራዮዎቹ አለቃ ነበር።

«አባ ከላይ፣ ምን አስቀየምንህ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ግንበኞቹ ገዝተውሃል።»

«ማንም አልገዛኝም። ቀድሞ የመጣ ይቀድማል አልኩህ።»

«ማን እንደቀደመ በምን እናውቃለን?»

«በዓይንህ።»

ዐሥር ፎቅ ማቆም የሚችል ሕዝብ አንድ ሰልፍ ማቆም አቃተው። ሳምንቱን ሙሉ እያንዳንዱ አለቃ ለሌላው ተሸጠሃል ሲለው ከረመ። ይባስ ብሎ ደግሞ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይወርድ የነበረው ሰው፣ ሚስቱ የቋጠረችለትን ምሳ መሬት ላይ በልቶ መሰላሉን እንደገና መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ሰሞን በየማረፊያው ዘመድ ጥየቃ እንደሄደ ሰው ተደላድሎ ይቀመጥ ነበር። ተቆጣጣሪው ክሬኑ ያለ ሥራ ቆመ ብሎ ጮኸ። አባ ከላይ እያለከለከ «መሰላሉን የሠራኸው ለጌጥ ነው?» አለውና ወጣ። እየተሰደበ ቀነሰ፤ በወር ሁለት ኪሎ፣ አንዳንዴም ሦስት።

በአምስተኛው ወር ሚዛኑ ላይ ቆመ። መቶ ዐሥራ አንድ። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ሲጀምር ነርሷ ትከሻውን ነካ አደረገችው።

«ይተዉት። መሰላሉን በባዶ እግርዎ አይወጡትም።»

«አንድ ኪሎ ናት እኮ፣ ልጄ።»

«አንድ ኪሎ ናት» አለችና ጻፈች። «በሁለት ሳምንት ይመለሱ።»

ሁለቱን ሳምንት ግምጃ ቤት ገብቶ ሚስማር አደለ። በባልዲው ጊዜ ስሙን እያቆላመጡ ይጠሩት የነበሩት አለቆች በበሩ ሲያልፉ ሰላምታ ከበዳቸው። የፌራዮዎቹ አለቃ ብቻ ብቅ ብሎ «አዲሱ ልጅ እንዳንተ አይኮራም፤ ገመዱን አውርዶልናል» አለው።  አባ ከላይ የሚስማር ካርቶኑን አንሥቶ ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው አመላለሰ፤ ማታ ሚስቱን ሰፈሩን ሁለት ጊዜ እንዙር አላት።

«ዛሬ ማን አናደደህ?» አለችው።

«ዝም ብለሽ ተራመጂ።»

በቀጠሮው ቀን ሚዛኑ መቶ ዘጠኝ ተኩል አለ። ነርሷ ፈርማ «ይውጡ» አለችው። የትኛውም ማረፊያ ላይ ሳይቀመጥ ወጣ፤ አዲሱን ልጅ አስነሣ፣ የወረደውን ገመድ ሰብስቦ ጠቀለለ፣ ወንበሩ ላይ የቀረውን የዳቦ ፍርፋሪ በመዳፉ አራገፈ። ገና ሳይደላደል ሦስት አለቆች ባንድ ላይ «እኔ ነኝ የቀደምኩት» አሉ በሬዲዮ። አባ ከላይ ከመስታወቱ ወደ ታች አየ። ብሎኬታቸውን አስረው ሲጠብቁ ያገኛቸው ግንበኞቹን ነው፤ የእነሱን አነሣ።

የቀሩት ሁለት አለቆች እስከ ምሳ ሰዓት ሰደቡት። ሬዲዮውን አልዘጋባቸውም።