ከውስጥ ብቻ የሚጠራ ስም

ሙሽራ ሆኜ አቃቂ፣ አማቴ ቤት የገባሁ ዕለት፣ እንደ አገሩ ወግ አማቴ አዲስ ስም አወጡልኝ። አጭር ስም ናት፤ ከጓዳ ተነስታ የአጥሩ በር ድረስ ብቻ እንድትሰማ የተበጀች ትመስላለች። የቀበሌ መታወቂያዬ ላይ የለችም። የማስተምርበት ትምህርት ቤትም አያውቃትም። እናቴ እንኳ «የእነሱ ስም ናት» እያለች አንድም ቀን ጠርታኝ አታውቅም። የሚጠሩኝ አማቴና ባለቤቴ ብቻ ነበሩ። አማቴ ቀድመው አረፉ። ባለቤቴ ባለፈው ክረምት ተከተላቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያች ስም የጠራኝ የለም።

ባለቤቴ ቃሊቲ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ክፍል ይሠራ ነበር። የመጋዘኑ መግቢያ ላይ ትልቅ የመኪና ሚዛን አለ። ተሳቢዎቹ ከነጭነታቸው ይወጡበታል፤ ክብደታቸው ከጎን ባለች ትንሽ ክፍል፣ ኮምፒውተር ላይ ይነበባል። ሚዛኑ አሮጌ፣ ኮምፒውተሩ አዲስ ስለነበር ሁለቱ አልተግባቡም። የሚያግባባቸውን ፕሮግራም የጻፈው እሱ ነው። ፕሮግራሙ የሚገባው ከርነል በሚሉት ውስጥ ነው። እሱ እንዳስረዳኝ፣ ከርነል ማንም የማያየው የኮምፒውተሩ የውስጠኛው ክፍል ነው፤ ከብረቱና ከሽቦው ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። ሌላ ቦታ ስህተት ቢገባ አንድ ነገር ይቆማል። እዚያ ከገባ ግን ኮምፒውተሩ እንዳለ ቀጥ ይላል።

ከሥራ ሲመለስ ሰርቪሱ፣ የሠራተኞቹ አውቶቡስ፣ አስፋልቱ ዳር ያወርደዋል። በር አያንኳኳም። በዚያች ስም ይጣራል፣ እኔ እከፍታለሁ። ራት እስኪደርስ እሱ ኮምፒውተሩ ፊት፣ እኔ ደግሞ የተማሪዎቼን ሥራ እያረምኩ እንቀመጣለን።

«የአማርኛ መምህርት፣ እስቲ ስም አውጪልኝ» ይለኛል።

«ምን የሚሠራ ነው?»

«ሚዛኑ እስኪረጋ ጠብቆ ቁጥሩን የሚያነብ።»

«ትዕግሥት በለው።»

«ክርስትና እያነሳን አይደለም እኮ። የሚሠራውን የሚናገር ስም ነው የምፈልገው። ክብደት አንብብ፣ በቃ።»

«ካወቅኸው ታዲያ ምን አስለፋኝ?»

«አንቺን ለማናገር ነዋ።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ደንቡን ለመድኩት። ለአፍታ ኖሮ ለሚጠፋ ነገር አንዲት ፊደል ትበቃዋለች። ከሩቅ የሚጠራ ግን ሙሉ ስም ይፈልጋል። የሰው ስም፣ ቀልድ፣ ቁልምጫ አይገባም። ከሁሉ ያስገረመኝ ከአንዳንዱ ስም ፊት፣ ከመስመሩ ግርጌ የሚሰመሩት ሁለት ሰረዞች ነበሩ።

«እነዚህ ከውስጥ ብቻ የሚጠሩ ናቸው» አለኝ። «ሁለት ሥራ ሚዛኑን በአንድ ጊዜ እንዳይነካው አንድ ቁልፍ አለ። ሰረዝ የሌለው ቁልፉን ራሱ ይወስዳል፣ ሠርቶ ሲጨርስ ይመልሳል። ማንም ቢጠራው ግድ የለም። ሰረዝ ያለው ግን ቁልፍ አይጠይቅም። የጠራኝ ቁልፉን ይዟል ብሎ ያምናል።»

«ቁልፉን የያዘው ተሳስቶ ሰረዝ የሌለውን ቢጠራስ?»

«ያኛው ቁልፉ እስኪመለስ ይጠብቃል። ቁልፉ ያለው ደግሞ በጠራው እጅ ነው። የጠራው መልስ ይጠብቃል፣ የተጠራው ቁልፍ ይጠብቃል። እንደቆሙ ይቀራሉ።» ወደ እኔ ዞር አለና «ያንቺም የቤት ስም እንደዚሁ ነው። መንገደኛ አይጠራሽበትም» አለኝ።

ባለፈው ክረምት የያዘው ሕመም ብዙ አልቆየም። ከቀብሩ በኋላ ድንኳኑ ተነሳ፤ እድሩም ወንበሩን ሰብስቦ ወሰደ። የሩቁም የቅርቡም ዘመድ ወደየቤቱ ገባ። ሰርቪሱ ብቻ እንደ ድሮው አመሻሹ ላይ አስፋልቱ ዳር ይቆማል። በሩ ሲከፈት የሚተነፍሰው እስከ ሳሎኔ ይሰማል። ያን ድምፅ ስሰማ እጄ ላይ ያለውን ነገር አስቀምጣለሁ። ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ፤ ሰፈር ውስጥ እትዬ ነኝ። ለሰው ለመናገር የማይመች ቢሆንም የምመኘው አንድ ነገር ነበር፤ በዚያች ስም አንድ ጊዜ መጠራት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት መሐንዲስ መጣች። ባለቤቴ ሥራ ያስለመዳት ልጅ ናት። ለቅሶው ላይ እጅጌዋን ሰብስባ ሳህን ስታጥብ አይቻት ነበር።

«እትዬ፣ ሳላስፈቅድ መጣሁብዎት። ጋሼ እቤት ይሠሩበት የነበረውን ኮምፒውተር ባየው ብዬ ነው።»

«ምን ተፈጠረ?»

የቢሮው ኮምፒውተር ተበላሽቶ አዲስ ተገዝቷል። ፕሮግራሙን ለአዲሱ እንድታዘጋጅ የታዘዘችው እሷ ናት። ግን መኪና ሚዛኑ ላይ በወጣ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀጥ ይላል። አለቆቿ የጋሼ ሥራ ይጣልና ሌላ ይገዛ እያሉ ነው።

«ተሳቢው እስከ ዋናው መንገድ ተሰልፏል። ሾፌሮቹ ደግሞ ምላሳቸውን ያውቁታል፤ ሚዛኑም ለቅሶ ተቀመጠ እንዴ ይሉኛል...» አለችና አፏን ያዘች። «ይቅርታ እትዬ።»

«ምንም አይደል። እሱም ቢሰማ ይስቅ ነበር።»

ኮምፒውተሩን ከቀብሩ ወዲህ አልነካሁትም። ያለበስኩትን ዳንቴል አነሳሁና ወንበሩን ሳብኩላት። ወንበሩ ላይ ሰው ሲቀመጥ ማየት ከበደኝ፤ ሻይ ላምጣ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ እሷ የጻፈችውንና እሱ የጻፈውን ጎን ለጎን ከፍታ እያስተያየች ነበር።

«ምኑን ነክተሽው ነው?» አልኳት።

«ስሞቹን አጸዳኋቸው። ጋሼ ከርነሉን ሊያሳዩኝ ገና ጀምረን ነበር... ከአንዳንዱ ስም ፊት ሁለት ሰረዝ አለ፤ የእሳቸው አመል መሰለኝ፣ አነሳሁት። ያኔ ሁለት ስሞች አንድ ዓይነት ሆኑብኝ። ሥራቸውም ስለተመሳሰለብኝ አንዱን አጠፋሁት።» ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ወደ ታች ወረደች፤ ተመልሳም ወጣች። ከዚያ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «እኔው ነኝ። ቁልፉን ይዤ ቁልፍ እየጠበቅሁ ነው።»

የእሱ ሥራ እንደማይጣል ያን ጊዜ አወቅሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። ግን እሷ ገጹን ወደ ታች ስታወርድ እኔ ከኋላዋ ቆሜ መስመሩን በዓይኔ እከተል ነበር።

«ምን እየፈለጉ ነው?»

«አንድ ስም። ምናልባት የሆነ ቦታ ጽፏት ይሆናል ብዬ ነው።»

«እሱማ ቀላል ነው። ይንገሩኝ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ይፈልጋታል።»

ስሟን ከአፌ ካወጣሁ ስንት ጊዜ ሆኖኛል። ለነገሩ አንድም ቀን አውጥቻት አላውቅም፤ የራስን ስም ማን ይጠራል? ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳት። በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈችና ጠበቅን። ኮምፒውተሩ ምንም እንዳላገኘ ነገረን።

«የሰው ስም ናት?»

«የእኔ ናት። አማቴ ያወጡልኝ።»

ወደ እኔ ዞር አለች። «ጋሼ በዚህ በዚህ ደንብ አጥባቂ ነበሩ» አለች።

አውቃለሁ። ከእኔ የተሻለ ማን ያውቃል? ግን ፈልጌያት ነበር።

ሥራዋን ስትጨርስ እስከ አጥሩ በር ሸኘኋት። አስፋልቱን ተሻግራ ታክሲ ልትይዝ ስትል ዞር አለች። ልታጽናናኝ ፈልጋ እንደሆነ ፊቷ ላይ ይታያል። ደህና ይዋሉ ስትለኝ በዚያች ስም ጠራችኝ፤ ከፊቷ እትዬ ጨምራ።

ስንት ወር የጠበቅኋት ስም ናት። በትክክል ነው የጠራቻት፤ አንዲት ፊደል አላጎደለችም። እኔ ግን ሌላ ሴት የተጠራች ይመስል ቆምኩ። ጎረቤቴ አጥሯ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ ቀና ብላ አየችን።

«የኔ ልጅ፣ እንደ ቀድሞው እትዬ ብቻ በይኝ።»

«አጠፋሁ እንዴ?»

«አላጠፋሽም። እንደ ቀድሞው ይሻለኛል።»

ትንሽ አሰበች። «ለካ ሁለት ሰረዝ ነበራት» አለች ቀስ ብላ። ሳልፈልግ ሳቅሁ፤ እሷም ሳቀች፣ ሄደች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልክ ደወለች። ከኋላዋ የተሳቢ ሞተር ያጓራል። «እትዬ፣ ሠራ። ሰረዞቹን ወደ ቦታቸው መልሻቸዋለሁ። ማንም እንዳይነካቸው ከጎናቸው ምክንያቱን ጽፌያለሁ።»

«እስከ መቼ ይቆያል?»

«ሚዛኑ እስኪቀየር ድረስ።»

አመስግኛት ስልኩን ዘጋሁ። ቅዳሜ ያነሳሁትን ዳንቴል አምጥቼ ኮምፒውተሩን መልሼ አለበስኩት። አመሻሹ ላይ ሰርቪሱ መጥቶ ቆመ። በሩ ተነፈሰ፣ ሰዎች እያወሩ ወረዱ፣ ድምፃቸው በየመንገዱ ተበተነ። ወጥቼ የአጥሩን በር ከውስጥ ቆለፍኩት። ከዚያ ቁልፉን በእጄ እንደያዝኩ፣ ከወዲያ በኩል ኮቴ እስኪጠፋ ድረስ በሩ ሥር ቆየሁ።