አፉ የተሰፋ ፍራሽ

ሰኔ አሥራ ሁለት ነበር። አሥራ ሁለት ነው ወይስ ሃያ ሁለት? ታናሽ ወንድምየው የእህቱን ነገር ባነሳ ቁጥር እዚህ ላይ ይደናቀፋል። «ብቻ ዝናብ ነበረ» ይልና ይቀጥላል።

እህቱ ፍራሽ ሰፊ ናት። ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል፤ ሥራዋንም ምላሷንም አይቶ። ከእናታቸው በወረሱት ጠባብ ቤት ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ስትነድፍ ኖራለች። የእሷ ፍራሽ አንድ ማዕዘኑ ሳይሰፋ ይቆያል። ገዢው መጥቶ እጁን እስከ ክርኑ ይከትና ጥጡን መዝዞ ያያል፤ ከዚያ ዓይኑ እያየ ትዘጋዋለች። እናቷም እንዲሁ ነበር የምታደርገው።

ወንድሟ የገበያ ሥራ ተምሮ መጣና ማዕዘኖቹን ሁሉ በስፌት መኪና አሰፋቸው። ፍራሾቹንም አበባ የታተመበት ላስቲክ አለበሳቸው።

«ሰው የሚገዛው ጥጥ አይደለም እትዬ፤ እንቅልፍ ነው። ምርት ማለት ገዢው አገኘዋለሁ ብሎ የሚያስበው ነገር ነው።»

«እንግዲያውስ እንቅልፉን ጠቅልለህ ሽጥ! እኔ ፍራሽ እሰፋለሁ እንጂ ሬሳ አልገንዝም።»

«በዚህ አመልሽ እኮ ነው ሰው የሚሸሸን!»

«ወይ ጉድ! ንፍጡን የጠረግኩለት ልጅ አመል ሊያስተምረኝ!»

ከዚያ ወዲያ ሰላምታም ቀረ። እሱ ሲገባ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ እሱም በተራው ጥጧን በእግሩ ገፋ አድርጎ ያልፋል።

የዚያን ቀን አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ለክፍሎቿ ሁሉ ፍራሽ ልትገዛ መጣች። መርፌ ወንድሟን በክንዱ ይዛ ወደ ጥግ ሳበችው።

«ይቺ ሴት ትፍረደን። እጇን ከታ ካየች ማዕዘኑ እንደ ድሮው ይሆናል። ካላየች ቤቱን ላንተ ትቼ እወጣለሁ።»

መልሱን አልጠበቀችም። መቀሷን አነሳች፣ ላስቲኩን ሰነጠቀችው፣ ስፌቱንም ተረተረችው።

«እጅሽን ክተቺ እመቤት። የምትገዢውን እዪ።»

ሴትየዋ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። «ምነው ደህናውን ዕቃ! ይሄን የተቀደደውን አልፈልግም። የታሸጉትን ጫኑልኝ።»

ወንድሟ ሳቀ። ትንሽ ነው የሳቀው፤ ግን ሳቀ።

መርፌ አየችው። «እሰይ፣ ደስ ይበልህ» አለች።

እሱ በዝናቡ ውስጥ እየሮጠ ከሴትየዋ ተሸካሚዎች ጋር ፍራሾቹን መኪና ላይ ጫነ። የመጨረሻውን ሲያቀብል ነው ነገሩ ውል ያለው፤ እህቱ ከዚህ ቤት ሌላ ቤት የላትም። የት ልትገባ እንዳሰበች ሊጠይቃት ተጣድፎ ተመለሰ። በጓሮ በር ወጥታ ሄዳለች።