ለእኔ የተተወው የቡና ዛፍ

ዛሬ ፊዚዮቴራፒስቴን «በጣም ደህና ነኝ፣ ነገ ኮንጋ እናቴ ጋ ለቡና ለቀማ ልሄድ ነው» ስለው ፊቱ ተለወጠ።

«እኔ የምፈራልሽ ደህና የሆንሽ ቀን ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ሥር የሰደደ ድካም የሚባለው ሕመም ከያዘኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ተኝቼ ስነሳም ደክሞኝ ነው። በምኖርበት ዲላ ውስጥ «ትንሽ እረፊ» ያላለኝ ሰው የለም፤ ያረፍኩትማ ለሦስት ሰው ይበቃል።

አምና የዳንኩ መስሎኝ እናቴ ጋ ሄጄ ከእህቶቼ እኩል ስለቅም ዋልኩ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ከአልጋ አልወረድኩም።

ፊዚዮቴራፒስቴም ዲላ አጠገብ ያለችው የጪጩ ቡና ገበሬ ልጅ ነው። «ስትለቅሚ ቀዩን ብቻ ወስደሽ አረንጓዴውን ለሌላ ዙር ትተይው የለ? ጉልበትሽንም እንደዚያ አድርጊው። አሥር ደቂቃ ሠርተሽ፣ ሳይደክምሽ ቁጭ በይ» አለኝ።

ከልጅነቴ ጀምሬ ስለቅም ኖሬ፣ ራሴን ግን ከነአረንጓዴው ሳራግፍ ነው የከረምኩት።

ለቀማው ናፍቆኛል። የጠዋቱ ጤዛ፣ እህቶቼ ከዛፍ ዛፍ እየተጠራሩ የሚያወሩት ወሬ።

አልመጣም ልላት እናቴ ጋ ደወልኩ። የአሥር ደቂቃውንም ምክር ነገርኳት።

«በሩ አጠገብ ያለውን ዛፍ ማንም እንዳይነካው ብያለሁ» አለች። «ከሥሩ በርጩማ አስቀምጬልሻለሁ። ሲሻልሽ መጥተሽ አሥር ደቂቃሽን እዚያ ልቀሚ።»

እናንተስ ደክሟችሁ ወደኋላ ስትቀሩ ቦታችሁን የጠበቀላችሁ ሰው አለ? ጻፉልኝ። ቁጭ ብዬ አነባለሁ።