የደኅንነት ጥናቴ በሞጣ

የአስጎብኚ ድርጅታችን ኃላፊ «ለጎብኚ የሚያሰጋ ነገር ካለ አጣራ» ብሎ ላከኝ። ከብቸና በሚኒባስ ተንገጫግጬ ሞጣ ደረስሁና ከከተማው ወጣ ያለ አንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። የቅኔ መምህሩን ዋርካ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«የኔታ፣ የብራና መጻሕፍቱ የት ነው የሚቀመጡት?» አልሁ፣ ማስታወሻዬን አውጥቼ።

«ዕቃ ቤት።»

«ቁልፉስ ማን ዘንድ ነው? ጠባቂስ ስንት አላችሁ?»

ትክ ብለው አዩኝ። «ስንት ሆናችሁ ነው የምትመጡት፣ ልጄ?»

«አሥራ ሁለት። ቶሎ አይተን እንወጣለን።»

«በል ዐረፍ በል፤ ጠላ ቅመስ» አሉና አጠገባቸው ለቆመው ዲያቆን በጆሮው ሹክ አሉት።

ደግነታቸው ልቤን ነካው። ጠላውን ሳልጨርስ ስድስት ጎልማሶች ዱላ ይዘው መጡ። ሊቀበሉኝ መስሎኝ ብድግ ብዬ እጅ ነሣሁ።

የኔታ ፈገግ አሉ። «ጠባቂ ስንት ነው አልህ አይደል? በል ቁጠራቸው።»