ከጉቶው አሥራ አንድ እርምጃ

አምብሮዝ ቸብ በእንግሊዝ አገር፣ በሰመርሴት በአንዲት መንደር ሠላሳ ስምንት ዓመት መቃብር ቆፍሯል። ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን የቀበረውም ራሱ ነው። ድሃ በስሙ የሚቆምለት ድንጋይ የለውም፤ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ያለው አሮጌ የድንጋይ መስቀል ለሁሉም ሙታን የቆመ ነበር። አምብሮዝ ማን የት እንደተኛ የሚያውቀው ከመስቀሉ በእርምጃ እየቆጠረ ነው። ሚስቱ በምሥራቅ በኩል ሰባተኛው እርምጃ ላይ ናት።

ፓርላማው ከንጉሡ ጋር በተዋጋበት ዘመን፣ በግንቦት ወር አንድ ማለዳ፣ መስቀልና ምስል ሁሉ ጣዖት ነው የሚሉ ስድስት የፓርላማው ወታደሮች ገመድና መዶሻ ይዘው፣ ፈረሶች እየሳቡ ገቡ። አለቃቸው ክሬክ የሚባል ሃምሳ አለቃ ነበር።

«ሽማግሌው፣ ይህን ጣዖት አፍርሰው።»

«የኔ ሥራ መቆፈር ነው ጌታዬ።»

ክሬክ በጠመንጃው ሰደፍ አፉን መታው። ሁለት ጥርሱ ረገፈ።

«አሁንስ?»

አምብሮዝ ደሙን ተፋ። «እሺ፣ በፈረስ ግን አትጎትቱት። እግሩ በቀለጠ እርሳስ ተይዟል፤ ከሥሩ አይነቀልም፣ ከወገቡ ይሰበራል። መጀመሪያ እርሳሱን በመሮ አውጡ።»

«ለድንጋይ ወገብ አበጀለት እኮ» አለ ሳይለስ የሚባለው ቀይ ወታደር። ጓደኞቹ ሳቁ። ሳይለስ ገመዱን አስሮ እዚያው ሥሩ ቆመ። ፈረሶቹ ተገረፉ።

የመስቀሉ ምሰሶ ከወገቡ ተሰበረ። ሳይለስ አንድ እግሩን ለሩጫ አንስቶ ነበር፤ ድንጋዩ ደረቱን ጨፈለቀው።

«አንተ ነህ የደገምክበት» አለ ክሬክ።

«ነግሬያችሁ ነበር።»

ክሬክ የአምብሮዝን ግራ እጅ ተተክሎ በቀረው የምሰሶው ጉቶ ላይ አስጋድሞ በመዶሻ ሁለቴ መታው።

«በል ቅበረው። ጸሎት የለ፣ ደወል የለ። ያቺንም አድቅቃት፤ ተመልሼ አያለሁ።» ያላት የመስቀሉን ራስ ነበር። ማርያምና ልጇ የተቀረጹባት ድንጋይ ሳትሰበር ሣሩ ላይ ወድቃለች። ወታደሮቹ ወደ መጠጥ ቤት ሄዱ።

አምብሮዝ በአንድ እጁ ቆፈረ። ጎረቤቱ ቶማዚን ዶማ ይዛ መጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ጥልቀቱ በዛ።»

«ለሁለት ነው» አላት።

ገባት። የመስቀሉን ራስ አብረው ገፍተው ጉድጓዱ ውስጥ ከተቱ፤ አፈር አለበሱ። ከዚያ ቶማዚን መዶሻ አንስታ፣ በራሱ ፈንታ የምሰሶውን ስብርባሪ ነጭ ጠጠር እስኪሆን ወቀጠችው።

ክሬክ ከሰዎቹ ጋር ተመልሶ ጠጠሩን በጫማው በተን አደረገው። «አየህ? ስትመታ ሥራ ታውቃለህ።» ሳይለስን አወረዱት። ክሬክ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ዓይኑን ከጉድጓዱ አላነሳም።

ሲሄዱ አምብሮዝ የተቀጠቀጠ እጁን በብብቱ ይዞ ወደ ጉቶው ተመለሰ። እርሳሱ አሁንም አልለቀቀውም። ከዚያ ተነስቶ እስከ ወታደሩ መቃብር ቆጠረ፦ አሥራ አንድ። ቶማዚንንም አስቆጠራት።