አባቴ ሬዲዮውን ይዞ ከቤት የወጣበት ምክንያት

የመመረቂያ ሥራዬ አርባ ምንጭ አቅራቢያ ጫኖ ላለው የአባቴ የሙዝ ማሳ የሚሆን፣ የአፈሩን እርጥበት እየለካ የውኃ ፓምፑን የሚያስነሳ ትንሽ የሰርኪዩት ቦርድ ነበር። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነደፍኩት፣ አዲስ አበባ አሠራሁት፣ አንድ ቅዳሜ ወስጄ ሽቦውን እስከ ማሳው ዘርግቼ ሳሎን መስኮቱ አጠገብ ሰቀልኩት። ፓምፑ ሲነሳ እናቴ አጨበጨበች። አባቴ ራሴን ዳበሰኝ።

በሳምንቱ ስመለስ አባቴ ሳሎን የለም። ከሰዓት በኋላ መዝሙር የሚሰማበት ሬዲዮም የለም። ፈልጌ ማሳው ዳር ማንጎ ሥር አገኘሁት፤ ሬዲዮውን ጭኑ ላይ አስቀምጧል።

«ምነው እዚህ ተቀመጥክ?»

«ነፋሻ ነው» አለኝ።

እውነቱን የነገረችኝ እናቴ ናት። «ያ ዕቃሽ ከተገጠመ ጀምሮ ሬዲዮው ይንጫጫበታል። አትንገሪያት ብሎኝ ነው።»

አፈርኩ። ቦርድ ከመሠራቱ በፊት ኤሌክትሪኩ በመዳቡ ላይ እንዴት እንደሚሄድ፣ ወደ አየርም ምን ያህል እንደሚያመልጥ በኮምፒውተር አስልቶ ማየት ይቻላል። እኔ ግን «ለዚህች ትንሽ ቦርድ» ብዬ ዘልዬው ነበር። የዚያን ዕለት ቦርዱን ልነቅለው ስል አባቴ እጄን ያዘኝ።

«ተይው፣ ሙዙ ይጠጣ። እኔ ጥላ አለኝ።»

ሰኞ ላቦራቶሪ ገብቼ ስሌቱን ጀመርኩ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ከመጀመሪያው አስጀመረኝ። ሐሙስ ውጤቱ በምስል ወጣ፤ መሃሉ ላይ ኤሌክትሪኩ በብዛት የሚያመልጥበት አንድ ቦታ ቀልቶ ይታያል። አንድ መስመር ለማሳለፍ ብዬ የታችኛውን የመዳብ ንጣፍ ሰንጥቄው ኖሯል። በዚያ በኩል መመለስ የነበረበት ኤሌክትሪክ መንገድ ሲያጣ ስንጥቁን ይዞራል፤ ዙሩም እንደ አንቴና ሆኖ ሬዲዮውን ይረብሻል። መስመሩን በሌላ በኩል አዞርኩ፣ ስንጥቁን ደፈንኩ፣ እንደገና አሰላሁ። ቅላቱ ጠፋ።

አዲስ አበባ ያዘዝኩት አዲሱ ቦርድ እስኪመጣ አባቴ ከማንጎው ሥር አልተነሳም። በመጣ ቀን ግን ሬዲዮውን ራሱ አምጥቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ፓምፑ ተነሳ፤ መዝሙሩ ጥርት ብሎ ቀጠለ።

ላፕቶፔን ከፍቼ ሁለቱን ምስሎች አሳየሁት። ቀዩን ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ይህን ሁሉ የለፋሽው ለእኔ መዝሙር ነው?»

ለመመረቂያ ውጤቴም ነበር፤ ግን «አዎ» ብቻ አልኩት። መነጽሩን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ ወደ እኔ ተጠጋ።

«እስቲ በየት በኩል እንደሚያመልጥ ደግመሽ አሳዪኝ።»

መንገዱን በጣቴ እየተከተልኩ ከመጀመሪያው ጀመርኩለት።