ያልተሰበረው ብሎኬት

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ሆሳዕና ላይ ቤት ሲሠራ ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ቤቱን የሚሠራለት መሐንዲስ ገና ወጣት ነው። የተከተፈ ጎማ ከሲሚንቶ ጋር ተቦክቶ የግቢ ንጣፍ ሲሆን የሚያሳይ ቪዲዮ በስልኩ ከፍቶ «አዲስ ነገር እኮ ነው ጋሼ፤ ሲመታ አይፈረካከስም» አለኝ። ልጁ ምን አጠፋ? እኔ ግን ደሜ ፈላ፤ ደህና ዋሉ እንኳ ሳልል ወጣሁ።

ያንን «አዲስ ነገር» ታላቅ ወንድሜ ሎምቢሶ ድሮ ሠርቶታል። ወደ አንጋጫ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከእንሰታችን ፊት ለፊት ብሎኬት እናመርት ነበር። ሎምቢሶ ከጎሚስታ ቤቶች ያረጀ ጎማ ይሰበስብና ዝንጅብል አሳክሎ ይከትፈዋል፤ ከጠጠሩ ቀንሶ በምትኩ እሱን ይጨምራል። የአክስታችን ልጅ ኤርጫፎ አብሮን ያቦካል። ቀትር ላይ ሲሚንቶ ያነጣውን እጃችንን ታጥበን፣ ሦስታችን ከአንድ ሳህን ቆጮ በአይብ እንበላለን።

በእኛ አገር ብሎኬት ገዢ ዓይኑን አያምንም። ሁለቱን አጋጭቶ ድምፁን ያዳምጣል፤ ከዚያ አንዱን ደረቱ ድረስ አንስቶ ይለቀዋል። የእኛ ሲጋጭ አይጮህም፤ ሲወድቅም ዱብ ብሎ ጠርዙ ብቻ ይላጣል። ገዢዎች «ይሄማ የሞተ ነው» እያሉ ይሄዳሉ። ሎምቢሶ ይስቅባቸዋል። «ለግድግዳ ይቅር፤ ልጆች ለሚሮጡበት ግቢ ይሆናል» ይል ነበር። የጎማው ክምርም ከአጥራችን በላይ ሆነ።

ስንዴው በሚያሽትበት ሰሞን ወጣቶች መብታችን ይከበር ብለው መንገድ ዘጉ። የጠየቁትን እኔም እጠይቅ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን አላፍርበትም። የሚያቃጥሉት ጎማ ሲያልቅባቸው ዱላና ድንጋይ ይዘው ወደ እኛ መጡ። ኤርጫፎ ከመካከላቸው ነበር።

«ጎማውን አውጣ!» አሉት።

«ይሄ የብሎኬት ጎማ ነው» አለ ሎምቢሶ በሩ ላይ ቆሞ።

«ደግሞ ጎማ ለብሎኬት? ማን ነው ደብቅ ያለህ? ለማን ነው የምትሠራው?»

«ኤርጫፎ አብሮኝ ያቦካል፤ እሱን ጠይቁት።»

ሁሉም ዞረው አዩት። ኤርጫፎ መሬት መሬቱን እያየ «እኔ አላውቅም» አለ።

አንዱ ብሎኬት አንስቶ ለቀቀው። ዱብ አለ፤ አልተሰበረም። «አያችሁ! ብሎኬት እንኳ አይደለም፤ ውሸታም!» ብሎ ጮኸ። የመጀመሪያው ዱላ ሎምቢሶን ጆሮ ግንዱ ላይ አገኘው። ከዚያ በገዛ አካፋችን ጀርባውን አሉት። ልገላግል ስገባ ድንጋይ የፊት ጥርሴን አረገፈው፤ ደም አፌን ሞላው። ወንድሜ ሲወድቅ ያንኑ ብሎኬት አነሱና ደረቱ ላይ ለቀቁት። አንስተው ደገሙት። የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁ፤ ብሎኬቱ ግን አሁንም አልተሰበረም።

ጎማውን እያንከባለሉ ሲወጡ ሎምቢሶን ባጃጅ ላይ ጭነን ወደ ሆስፒታል ሮጥን። ማዞሪያው ላይ ስንደርስ መንገዱ ዝግ ነው። የሚነደው የእኛው ጎማ ነበር፤ ጥቁር ጭሱ ፀሐይዋን ጋርዷታል።

«አሳልፉን! ሰው እየሞተብኝ ነው!» እያልኩ ጮኽኩ።

ኤርጫፎ አየን። እሳቱ ውስጥ ገባና የሚነደውን ጎማ በባዶ እጁ ይጎትት ጀመር። ቆዳው ከቀለጠው ጎማ ጋር እየተላጠ ሲቀር አይቻለሁ። መንገዱን ከፈተልን፤ አለፍን። ሎምቢሶ እጄን ጨብጦኝ ነበር፤ የሆስፒታሉ በር ሲታየን ጣቶቹ ላሉብኝ። ወንድሜ እዚያው ሞተ።

ሽማግሌዎች አስታርቀውናል። በሽማግሌ ፊት ታረቁ ሲባል ይታረቃል፤ ሆድ ግን ሽማግሌ አይሰማም። ኤርጫፎ ዛሬም ጎረቤቴ ነው። ስንገናኝ የተኮማተረ እጁን ይዘረጋልኛል፤ እኔም በሁለት እጄ እቀበለዋለሁ። ያ እጅ ለወንድሜ ነዷል፤ በእሱ ቂም የለኝም። «አውቃለሁ» ማለት ያቃተውን አፉን ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።